ዘግይቶ የመጣበት ምዕራፍ

ሰኞ፣ 4

ልጄን ዛሬ ከሆስፒታል አመጣናት። አልጋዋን የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ዘረጋንላት። የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍቼ አንሶላ አለበስኩት። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የሰው ቤት መስኮት ሁሉ በእጇ አልፏል። የእኔ መስኮት ግን እስከ ዛሬ በአሮጌ ጨርቅ ነው የተሸፈነው። ሁልጊዜ "በሚቀጥለው ሳምንት እማዬ" ትለኝ ነበር።

ወንድሟ ፍራሹን በጫንቃው ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጣ። ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ተደግፎ፣ "ይኼን ደረጃ አንቺ ነሽ እንዴ ያሳደግሽው እማዬ? ምሕረት የሚባል አያውቅም" አለኝ። እኅቱ ሳቀች። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ነው ያለከለከው።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ከመውጣታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ አቁማን፣ "ከእንግዲህ የምንሰጣት ሕመሙን የሚያስታግሥላትን ነው። ቤቷ ብትሆን ጥሩ ነው" አለችን። ቤቷ ትሁን መባሉን ደግ ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት። ወንዱ ልጄ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን ሆንክ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከእራት በኋላ ንባባችንን ጀመርን። መጽሐፉን በየዓመቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አነባለሁ። ከተማሪ ቤት ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ዋና መምህርታችን መጽሐፍ ከመሐል ስንከፍት ካገኙን መዳፋችንን በማስመሪያ ይሉን ነበር። እግዚአብሔርን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚጥመውን ብቻ አይለቅምም። ዘንድሮ ዜና መዋዕል ላይ ደርሻለሁ፤ ስም በስም ላይ የተደረደረበት ነው። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆየችና፣

"እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ወለደ፣ ወለደ፣ ወለደ። አንድ እንኳ የታመመ የለም?" አለችኝ።

"አለ። እግሩን የታመመ ንጉሥ አለ። ይመጣል።"

"እግሩን ብቻ?"

የቆምንበት ላይ ከመጋረጃ ቁርጥራጮቿ አንዱን፣ አረንጓዴውን፣ ምልክት አደረግኩበት።

ረቡዕ፣ 6

ሾርባ ጠጣች። ግማሽ ኩባያ።

ዛሬ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

"ያ የሁለቱ እህቶች ታሪክ የት ነው ያለው? ወንድማቸው የታመመባቸው።"

"ወንጌል ውስጥ ነው።"

"እሱን አንብቢልኝ።"

"ስንደርስ።"

"መቼ ነው የምንደርሰው?"

"ተራው ሲደርስ።"

"ተራው!" አለች። "ዳቦ ቤት አደረግሽው እኮ እማዬ።"

ከዚያ መሳቋን ተወችና፣ "ታሟል ተብሎ ተላከበት። ጌታ ግን ወዲያው አልተነሣም፤ ካለበት ቦታ ቆየ። ለምን እንደቆየ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌላውን አልፈልግም" አለችኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የተማረ ሰው ጥያቄ ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር መንገድ ከአንድ ምዕራፍ አይገኝም። ከመጀመሪያው አብሮት ያልተጓዘ ሰው መጨረሻ ላይ ቢያገኘውም አያውቀውም። ይህንን ነገርኳት። "እሺ ቲቸር" አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ፤ እሷ ግን እንዲህ የምትለኝ ስትሸነፍ ብቻ ነው።

ታሪኩ ውስጥ መቃብር አለ። ለታመመ ሰው የሚሆን አይደለም። እምቢ ያልኩት ግን በዚህ ምክንያት አይደለም።

እሑድ፣ 10

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጎረቤቴ ልጄን ጠበቀችልኝ። ይህችን ጎረቤት ሁሉም ራዲዮ ነው የሚላት። ራዲዮስ ይዘጋል።

ሰባኪው ጎልማሳ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በጉባኤው ፊት አስነሣኝና እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ፣ "እማማ፣ ጌታ ተናግሮኛል። ልጅሽ በእግሯ ወደዚህ ቤት ትመጣለች!" አለ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ። የእኔ አሜን ከሁሉ ኋላ ስለወጣ ብቻውን ተሰማ። ለምን እንደዘገየሁ አላውቅም።

ስወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ በደረጃው ይወርዱ ነበር። ጆሮዬ የደከመ መስሏቸዋል።

"የስንቱን ልጅ መዳፍ አቅልታለች መሰለሽ። ይኸው።"

"ተይ እንጂ! እሷ ብትበድል ልጅቷ ምን አደረገች?"

"እግዜር እንደሆነ የት ቢመታ እንደሚያም አይጠፋውም።"

ሁለቱንም አስተምሬያቸዋለሁ። ሁለቱም ማባዛት አያውቁም።

ሐሙስ፣ 14

አስመለሳት። ሁለት ጊዜ። አንሶላ አጠብኩ። መጽሐፈ ዕዝራ።

ቅዳሜ፣ 16

ወንድሟ ከሥራ በኋላ መጥቶ እግሯን አሸላት። ከአባቱ ቀብር ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። አባቱ እንዲድን ያኔ ሁላችንም ጸልየን ነበር፤ እሱ ከሁላችንም አብልጦ። አልዳነም። ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። እሱ ሲመጣ መጽሐፉን አጥፌ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ሲሄድ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ከወጥ ቤት ሆኜ ሲሳሳቁ እሰማቸዋለሁ። ከእኔ ጋር እንዲህ አትስቅም።

የያቺ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ የሰማኋት ሴትዮ ንግግር። ይኸው፣ ነው ያለችው። የሚቆጠርብኝ ነገር እንዳለ ሁሉ።

ማክሰኞ፣ 19

ኢዮብን ዛሬ ጨረስን። ከሌላው ቀን ይልቅ ረዘም አድርገን አነበብን፤ ሳታንቀላፋ ሰማችኝ።

"ጓደኞቹ ዝም ብለው አብረውት መሬት የተቀመጡ ጊዜ ጥሩ ሰዎች ነበሩ" አለች። "አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሹት። እንደ ሰባኪሽ።"

"ሰባኪዬ አይደለም።"

"እግዚአብሔር በመጨረሻ መለሰለት አይደል? ምን አለው?"

"ሰማዩን ማን እንደዘረጋ ጠየቀው። ስለ ፍየሎች አወላለድ፣ ስለ ፈረስ፣ በውኃ ውስጥ ስለሚኖር ትልቅ አውሬ ነገረው።"

"ስለ ሕመሙስ?"

"ስለ ሕመሙ ምንም አላለውም።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ፣ "እኔንም ስለ ፈረስ ቢያወራኝ አልጠላም ነበር" አለች። "ድምፁን ብሰማ።"

ጨርሼ መጽሐፉን ካጠፍኩ በኋላ የመጨረሻው ገጽ አልለቀኝ አለ። ኢዮብ አዳዲስ ልጆች ተሰጡት። ቁጥራቸው ከፊተኞቹ ጋር እኩል ነው። በየዓመቱ እዚህ ስደርስ ሒሳቡ ገጥሟል ብዬ ነበር የማልፈው። ስለ ፊተኞቹ ልጆች ኢዮብ አንድ ቃል እንዳልጠየቀ፣ ማንም እንዳልጠየቀለት፣ ያየሁት ዛሬ ነው። ይህን ያህል ዓመት ያነበብኩት በምን ዓይኔ ነው?

ቅዳሜ፣ 23

መዝሙር። ፍጥነት ጨምሬያለሁ። ጠዋት ከሻይ በፊት፣ ቀን፣ ማታ። እንቅልፍ ሲወስዳትም አላቆምም። ሰው ተኝቶም ጆሮው ክፍት ነው።

ራዲዮ ሾርባ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችኝና፣ "ቲቸር፣ ፈተና ደረሰብሽ እንዴ? ትንፋሽ እንኳ አትወስጂም" አለችኝ።

"ድስቱን አስቀምጪውና በሩን ዝጊው።"

"ዘጋሁት፣ ዘጋሁት። እኔ ከተማሪዎችሽ አንዷ ባለመሆኔ ተመስገን።"

ሰኞ፣ 25

ክኒኑን በስሕተት ሁለት ጊዜ ልሰጣት ነበር። እሷ ናት የከለከለችኝ። "አሁን ነው የዋጥኩት እማዬ።" ስለ ንባቡ እያሰብኩ ነበር። አእምሮዬን መሰብሰብ አለብኝ። ሰው እንዴት የልጁን መድኃኒት ይረሳል።

ዓርብ፣ 29

መዝሙሩ አለቀ፤ ምሳሌ ጀመርን። እጇ ቀጥኗል። ቀለበቷን አውልቃ ከመርፌዎቿ ጋር በቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠችው። ለምን እንዳወለቀችው አልጠየቅኩም፤ ስለሚወልቅባት ነው።

እንደገና ጠየቀችኝ። "ያ ታሪክ ደረሰ?"

"እየፈጠንኩ ነው" አልኳት።

"አየሁሽ እኮ" አለችኝ። "ነፍስሽ ሊወጣ ነው።"

እሑድ፣ 1

አልሄድኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ከበደኝ። የራሴን ደረጃ ግን ዛሬ ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጥቻለሁ።

ሐሙስ፣ 5

ከልጄ ጋር ተጣላሁ። ከወንዱ።

እሷ ተኝታ ነበር። ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

"እማዬ፣ ያቺን ታሪክ አንብቢላት። ሁለት ገጽ ናት።"

"የማታምንበትን መጽሐፍ ገጹን ትቆጥራለህ?"

"እኔ ባላምን እሷ ታምናለች።"

"እደርስበታለሁ። ተራውን ጠብቆ ይመጣል።"

"የማን ተራ?" አለኝ። "እማዬ፣ እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው። መሥመሬን ጠብቄ ነው የምሄደው፣ ከመሥመሬ አልወጣም። ግን መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅብኝ በእያንዳንዱ ፌርማታ አልቆምም! በቀጥታ ሆስፒታል ነው የምሄደው።"

"ብዘል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"አላውቅም። ንገሪኝ።"

አልነገርኩትም። ውጣልኝ አልኩት። ኮቱን ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሞ እንደነበር ከእግሩ ድምፅ አውቄያለሁ።

ብዘል ምን ማለት ነው? ለደብተሬም ቢሆን እጽፈው ነበር። ሥርዓት ስለሆነ ነው። ሌላ ነገር የለበትም። ጊዜ ያለው ሰው በተራ ያነባል፤ እኛም ጊዜ አለን።

እሑድ፣ 8

ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። እግዜር ይስጣት፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሆዷን ዳሰሰች፣ መርፌ ወጋቻት። ስትወጣ ደረጃው ላይ እጄን ያዘችኝ።

"እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አለችኝ።

ኢሳይያስ ላይ ነን። ብዙ ነው የቀረን።

ረቡዕ፣ 11

ሳላነብላት የምውልበት ሰዓት የለም። ድምፄ ሻክሯል። ጸሎቴም አጭር ሆኗል፤ ተንበርክኬ ቃሉ ይጠፋኛል። ድሮ ጸሎትን በሦስት ክፍል እከፍለው ነበር፤ ምስጋና፣ ኑዛዜ፣ ልመና። አሁን ሦስተኛው ላይ ለመድረስ እቸኩልና እዚያ ስደርስ አፌ ይያዛል። የምጠይቀውን አጥቼው አይደለም።

ቅዳሜ፣ 14

ልጄ መምጣቱን አላቋረጠም። "እንዴት ዋላችሁ" ይለኛል፣ በብዙ ቁጥር። "ደኅና" እለዋለሁ። እኅቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ዛሬ፣ "ሁለት አህያ በአንድ ጋጥ አስሬ መሞቴ ነው" አለች። እሱ ሳቀ። እኔ መሞቴ የሚለውን ቃሏን ስለ ሰማሁ አልሳቅኩም።

ትንቢተ ኤርምያስ።

ማክሰኞ፣ 17

ዛሬ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ማስታገሻው ስላለቀ ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ወንድሟ ከእሷ ጋር ነበር። ሰልፍ ስላልነበረ ቶሎ ተመለስኩ። ደረጃውን ጨርሼ ቁልፉን ሳወጣ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ያነባል።

ሁልጊዜም ንባብ አይሆንለትም ነበር። ቃሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ነጥብ ያለበት ላይ ሳያርፍ፣ በሌለበት እያረፈ። ጌታ ዘግይቶ የመጣበት ምዕራፍ ነበር። ከሥሩ ወጥቶ፣ ተራውን ሳይጠብቅ፣ በማያምን ሰው አፍ። ገብቼ ላስቆመው ይገባኝ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ መድኃኒቱን ይዤ ቆምኩ። ታላቂቱ እህት መንገድ ድረስ ወጥታ የተቀበለችውን አነበበ። ታናሺቱ እግሩ ላይ የወደቀችውን አነበበ። ጌታ ያለቀሰበትን አነበበ። ድንጋዩን አንሡ ያለበት ላይ ደረሰ።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለለ።

"ዓረፍተ ነገር ዘለልክ" አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከዚያም፣ ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ፣ የጎደለውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አልኩት። ስለ ሬሳው ሽታ እህቲቱ የተናገረችውን። ሙሉውን፣ ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጌ። ሲጎድል የሰማሁትን መሙላት የኖርኩበት ሥራ ነው።



ስገባ ልጄ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አባቱ የሞተ ቀንም። እሷ ጣሪያውን እያየች ነበር።

"አውቀዋለሁ እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሱም ሲዘለው አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ደረሰኙን ከሥሩ አደረግኩ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ውኃ ጣድኩ።

ረቡዕ፣ 18

"ከፈለግሽ ከመጀመሪያው ጀምሬ በትክክል አነብልሻለሁ" አልኳት።

"አይ፣ ሰማሁት እኮ። ቀጥዪ። የት ነበርን?"

"ኤርምያስ ጉድጓድ ውስጥ።"

"እንግዲያው አውጪዋ ሰውየውን።"

አነበብኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ጠየቅኳት፤ አላስቻለኝም። "ለምን እንደቆየ ገባሽ?"

"አልገባኝም" አለች። "ግን ሲመጣ አለቀሰ። ስለ ቆየ ይሆናል ያለቀሰው።"

ይህ ትርጓሜ ስሕተት ነው። ያለቀሰው ስለ ኀዘናቸው፣ ስለ አለማመናቸውም እንደሆነ ተምረናል። አልተቃወምኳትም። ቀኑን ሙሉ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ዘግይቶ በመምጣቱ የሚያለቅስ አምላክ። እንዲህ ያለውን ማን ይለምነዋል? እንዲህ ያለውንስ ማን ይቆጣዋል?

ዓርብ፣ 20

አልበላችም። ከንፈሯን በጥጥ አረጠብኩት። ሰቆቃወ ኤርምያስ አለቀ።

ወንድሟ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ወንበር ላይ ይተኛል። አንነጋገርም። ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ ነቅቶ ነበር መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ 24

ደግ ቀን። ሕዝቅኤል ስለ ቤተ መቅደሱ ልኬት የተናገረበት ላይ ደረስን፤ በሩ ይህን ያህል ክንድ፣ ግንቡ ይህን ያህል ክንድ። ሰው ሁሉ የሚሰለቸው ነው። እሷ ዓይኗን ገለጠች።

"የመስኮቱ ወርድ ስንት ነው አለ?"

"ስንት እንደሆነ አይልም። ጠባብ ነው ብቻ ነው የሚለው።"

"በሁሉም በኩል?"

"በሁሉም በኩል።"

"እንዲህ ያለ መስኮት መጋረጃ አይዝም" አለች። "ባዶውን ነው የሚተወው። ሜትሬን ስጪኝ።"

የልብስ ሜትሯን ከቆርቆሮው አውጥቼ ሰጠኋት። ምንም አልለካችበትም፤ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው፣ ጠመጠመችው። "ክንድ ማለት ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አይደል? የኔ ክንድ ዱሮ ነበር ክንድ" አለች። ወንድሟ ክንዱን ዘርግቶ፣ "በኔ ለኪ፣ ሕንፃው ይገዝፋል" አላት።

"ስለ መጋረጃ የሚያወራ ቦታ የለውም ይኼ መጽሐፍ?"

"ዘጸአት ላይ ብዙ አለ። ስንት ዐይነት መጋረጃ፣ ቀለበቱ፣ ቀለሙ፣ ስፋቱ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አለፈ።"

"አየሽ?" አለች። "የእኔው አመለጠኝ።"

በተራ ባናነብ ኖሮ እዚህ ምዕራፍ ላይ አንደርስም ነበር። ዓይኗን አትገልጥም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት። ዘጸአትን ግን መለስ ብዬ ላንብብልሽ አላልኳትም። በመጽሐፉ ወደ ኋላ ሄጄ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 26

ትንፋሿ ይቆማል፣ ይመጣል። ሐኪሟ ስልክ ላይ፣ "አብራችኋት ሁኑ" ብቻ አለችን።

አነባለሁ። ልኬት። ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ደቡብ።

ቅዳሜ፣ 28

ትናንት ከቀትር በኋላ ነው።

እያነበብኩ ነበር። ወንድሟ በዚያ በኩል እጇን ይዟል። የዕቃ ቤቶቹ ልኬት ላይ ነኝ። ከእሷ በኩል ምንም ድምፅ አልሰማሁም። እኔ ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር። ወንድሟ፣ "እማዬ" አለኝ። ቀጠልኩ። "እማዬ፣ በቃ" አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ምዕራፉ ሊያልቅ ጥቂት ቁጥር ነበር የቀረው። ጨረስኩት። አረንጓዴውን ጨርቅ አስገባሁ፣ መጽሐፉን አጠፍኩ። ከዚያ ቀና አልኩ።

ሜትሩ ጣቷ ላይ እንደተጠመጠመ ነው።

እሑድ፣ 29

ቀበርናት። ሰባኪው በመቃብሩ አፍ ላይ አሳምሮ ሰበከ። ሰው ሲበታተን ወደ እኔ መጣና፣ "እማማ፣ ጌታ ወደ ራሱ ወሰዳት" አለኝ።

"በእግሯ ትመጣለች ብለኸኝ ነበር።"

"አሁንማ በሰማይ በእግሯ ቆማለች!"

"ልጄ" አልኩት፣ "ፈተና ላይ መልስህን እንዲህ ስትቀይር ባገኝህ ዜሮ ነበር የምሰጥህ።"

ራዲዮ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። አላመንኩም።

ሁለቱ ሴቶችም መጥተው ነበር። ሳሙኝ። እኔም ሳምኳቸው።

ሐሙስ፣ 3

አልጋውን አላነሣሁም። መጽሐፉን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አላነሣሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላነብ ያደርኩበት ቀን አላስታውስም፤ ይኸው ሆነ። አረንጓዴው ጨርቅ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ከዚያ ልቀጥል ይገባኛል። የሚቀጥለው ምዕራፍ የመሠዊያው ልኬት ያለበት ነው።

መስኮቱ ላይ ያው አሮጌ ጨርቅ ነው።

ኢዮብ መልስ አላገኘም፤ ድምፅ ግን ሰማ። ሁለቱ እህቶችም መልስ አላገኙም፤ ግን ጌታ መጣላቸው። እኔ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ነው። ሳላቋርጥ። ሌላ ሰው ሊናገር ቢፈልግ እንኳ በየት በኩል ይገባ ነበር?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። አልሰርዘውም፤ ደብተር ላይ አልሰርዝም።

እሑድ፣ 6

ልጄ መጣ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሻይ አፈላሁ። በእሷ የስፌት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በእኔ ላይ። አልጋው በመካከላችን ነው።

መጽሐፉን አይቶ፣ "አላነበብሽም?" አለኝ።

"መነጽሬ አያሳየኝም።"

መነጽሬ ደኅና ነው። እሱም ያውቃል።

ተነሥቶ መጽሐፉን አመጣ። አረንጓዴው ጨርቅ ያለበትን ከፈተና አየኝ። አይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ገጾቹን ገለበጠ፤ ነቢያቱን ሁሉ በአንድ እጁ አለፋቸው። ወንጌል ላይ ሲደርስ ገጹ ራሱ ተከፈተለት። ተከፍቶ የሚያውቅ ገጽ ነው።

"ላንብብ?"

"አንብብ።"

አነበበ። ጣቱን እያስከተለ፣ ባልተገባ ቦታ እያረፈ። ጌታ ታሟል መባሉን ሰማ፣ ካለበትም ቆየ። ለምን እንደቆየ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፤ የለም። መጣ። አለቀሰ። ድንጋዩን አንሡ አለ።

ልጄ እዚያ ላይ ቆም አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ጣቱን ያንን ዓረፍተ ነገር አሻገረና ቀጠለ።

ዝም አልኩ።

የሞተው ሰው እስኪወጣ ድረስ አነበበ፤ እጅና እግሩ እንደተጠቀለለ፣ ፊቱ እንደተሸፈነ። ሁለታችንም ወደ አልጋው አላየንም።

"ልቀጥል?" አለኝ።

"ይበቃል" አልኩት።

ምዕራፉ ግን አላለቀም ነበር።